ጉርሻ በቾፕስቲክ

ይሉኝታ ፓስፖርት ላይ አይጻፍም እንጂ ቢጻፍ ኖሮ፣ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ እኔን አይቶ «ይህን ሁሉ ጭነህማ አትገባም» ብሎ በመጣሁበት አውሮፕላን ይመልሰኝ ነበር። ሻንጣዬን ከፍተው ሽሮና በርበሬዬን አገላብጠው አሽተዋል። የተከለከለው ዕቃ ግን ሻንጣው ውስጥ አልነበረም፤ እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ ደረቴ ውስጥ ጠቅጥቃዋለች። «ሰው ቤት ስትሄድ፣ ብላ ሲሉህ እሺ ለማለት እንዳትቸኩል። የቀረበልህን ሙልጭ አድርገህ እንዳትበላ፣ ትንሽ አስተርፍ። አሳዳጊ የበደለው እንዳታስብለኝ።» እንግዲህ በዚህ ትምህርት ተኮትኩቶ ያደገ ሰው አንዲት ጃፓናዊት ባልቴት ቤት እራት ሲጋበዝ ምን እንደሚሆን ነው የማጫውታችሁ።

«ደግሞ መቼ ነው ጃፓን የሄድከው?» እንዳትሉኝ። የትም አልሄድኩም፤ ያለሁት ላስ ቬጋስ ነው። ከሜሪላንድ ፓርክዌይ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ውስጥ እኔ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ጃፓን ምድር ቤት ናት። ቪዛ አትጠይቅም፤ ጫማ ማውለቅ ብቻ ነው የሚፈለገው። ጫማ ማውለቁ ራሱ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እደርስበታለሁ።

ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መጀመሪያ ላይ ነው። «ላስ ቬጋስ እንቅልፍ የላትም» ሲሉኝ ነበር የከረሙት። እኔ ገብቼ ገና ሳልረጋጋ ኮቪድ መጣና ተኛች። አንድ ካዚኖ ኩሽና ውስጥ ሰሃን አጣቢነት ጀምሬ፣ ማሽኑ በየትኛው ቁልፍ እንደሚነሳ ሳልለይ ሁሉም ተዘጋ። በዚያ ሰሞን ስትሪፕ የሚሉትን፣ ካዚኖዎቹ የተደረደሩበትን ጎዳና በእግሬ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ መብራቱ ይበራል፣ ሰው ግን ዝር አይልም። እውነት ለመናገር «የእኔ እግር ይሆን እንዴ?» ብዬ ተጠራጥሬያለሁ። ሰፈራችን ውስጥ እግረ ደረቅ የሚባል ሰው ነበር፤ እሱ እንኳ አንድ ሠርግ አስቀረ ተባለ እንጂ ከተማ አልዘጋም።

በኋላ አየር ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር መግፋት ጀመርኩ። ሥራው ክፉ አይደለም፤ ቲፕ አለው፣ ሲገኝም ኦቨርታይም አለው። ችግሩ፣ የምትገፉት ሰው ጀርባውን ሰጥቷችሁ ነው የሚቀመጠው። ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ማጅራት ነው። ዞር ቢልም ማስክ አለው። ቤት ስመለስ ደግሞ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ የትራክ ሾፌር ስለሆነ የለም፤ ከእሱ ይልቅ ነጠላ ጫማውን ነው የማውቀው። ምግቤን አሙቄ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ እጄን ታጥቤ «እንብላ!» እላለሁ። ለማን? ለማንም። አፌ ለምዶ ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው በኮቪድ ዘመን ብቻውን ሲበላ ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱት። ሥራም፣ ቤትም፣ እንግሊዝኛም ቀስ ብሎ ይመጣል፤ እኔን ያንገበገበኝ አብሮኝ የሚበላ ሰው ማጣቴ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ መልስ ቤት ውስጥ መብላቱ አስጠላኝና ሰሃኔን ይዤ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ መብላት ጀመርኩ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ አጠር ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸው ድፍን ነጭ የሆነ ጃፓናዊት፣ የአስቤዛ ከረጢት ይዘው መጡ። እኔም አፌ እንደለመደው፣ በዚያች በእንግሊዝኛዬ «እንብላ!» አልኳቸው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ እኛ አላፊ አግዳሚውን «እንብላ» የምንለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ብላ» ብሎ እንዲያልፍ ነው። የጠራነው ሁሉ እሺ ብሎ ቢቀመጥ ስንቱ ቤት ጦሙን ባደረ! እሳቸው ግን ቆሙ። ከረጢታቸውን መሬት አስቀመጡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እሺ። ግን ቆሞ መብላት ጥሩ አይደለም። ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ እኔ ቤት» ብለውኝ ገቡ።

ሃሩኮ ይባላሉ። እኔ እማማ ሃሩኮ ነው የምላቸው፤ «እማማ» ምን ማለት እንደሆነ ነግሬያቸው ወደውታል። የእኔን ስም ግን ቢሞክሩት ቢሞክሩት አልሆነላቸውም። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና በዚያው «ኢትዮጵያ-ሳን» ብለው አረፉት። «ሳን» እነሱ ዘንድ የአክብሮት ነው፣ እንደ እኛ «አቶ»። እኔ የተበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። አቶ ኢትዮጵያ ተብዬ እንዴት ብዬ ነው እንደ ማንኛውም ሰው የምበላው? ካልሲዬ ቢቀደድ የተቀደደው የሀገር ካልሲ ነው። ተቀዶም ነበር! በራቸው ላይ ጫማዬን ሳወልቅ የግራ እግሬ አውራ ጣት ከእኔ ቀድሞ ብቅ ብሎ ሰላም አላቸው።

የቤት ጫማ ሰጡኝ። መጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደግሞ ሌላ ጫማ አለ፤ ለዚያች ክፍል ብቻ የተመደበ። እኔ ይህንን ማን ነግሮኝ! እሱን አድርጌ ገባሁ፣ እሱን እንዳደረግሁ ወጥቼ ደረቴን ነፍቼ እራት ቀረብኩ። እማማ ሃሩኮ ዝቅ ብለው እግሬን አዩ፣ ቀና ብለው ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ሄደው የቤቱን ጫማ አመጡና አጠገቤ አስቀመጡልኝ።

በሩም መስኮቱም ተከፍቷል፤ ቬንቲሌተሩ ይዞራል። እሳቸው ከጠረጴዛው ወዲያ ጫፍ፣ እኔ ወዲህ ጫፍ፤ በመካከላችን መኪና ፓርክ ማድረግ ይቻል ነበር። ጥግ ላይ ትንሽ መደርደሪያ አለች፤ እሷ ላይ የባለቤታቸው የሚስተር ኬንጂ ፎቶ ተቀምጧል። ካዚኖ ውስጥ ካርድ ሲያድሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያረፉት ከተማዋ በተዘጋችበት ጸደይ ነው። እማማ ሃሩኮ ሩዙን ሲያወጡ በቅድሚያ በትንሽ ስኒ ለፎቶው ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ነው ለእኔ። ስለ አሟሟታቸው አልነገሩኝም፤ እኔም በይሉኝታ አልጠየቅሁም።

«ሩዝ ልጨምርልህ?» አሉኝ። በእኛ ሕግ የመጀመሪያው «አይ፣ በቃኝ» አይቆጠርም። ባለቤቷ «በሞቴ!» ትላለች፣ እንግዳው «ኧረ ጠግቤያለሁ!» ይላል፣ «አፈር ስሆን!» ትላለች፣ ትንሽ ይታገላሉ፣ ከዚያ ይበላል። እኔም በሕጉ መሠረት «አይ፣ በቃኝ» ብዬ ትግሉን መጠባበቅ ጀመርኩ። እማማ ሃሩኮ «ኦኬ» አሉና ድስቱን ይዘው ገቡ። ኦኬ! በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። ፎቅ ወጥቼ ዳቦ በላሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ገና ሳይጠይቁኝ አንጀቴ እስኪርስ በላሁ፤ መጨረሻ ላይ ግን የእናቴ ምክር ትዝ አለኝና፣ ጨዋ ልጅ መሆኔ እንዲታወቅ አንድ ጉርሻ የምታህል ሩዝ አስተረፍኩ። እማማ ሃሩኮ አይተው ፈገግ አሉ። ሰሃኔን በሁለት እጃቸው ወስደው፣ ሞልተው መለሱልኝ። ይሉኝታ ነው፣ በላሁ። ጉርሻ የምታህል አስተረፍኩ። ሞልተው መለሱልኝ። እኔ አስተርፋለሁ፣ እሳቸው ይሞላሉ። ላብ አጠመቀኝ። ቀበቶዬን ከጠረጴዛው ሥር ፈታሁ። «ኢትዮጵያ-ሳን በጣም ትበላለህ!» አሉኝ በደስታ። ለካ እነሱ ዘንድ ሩዝ አስተርፎ መቀመጥ «ጨምሩልኝ» ማለት ነው! የጠገበ ሰው አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ነው የሚጨርሰው። ይህንን የነገሩኝ ድስቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ሆዳም እንዳልባል ብዬ ለሀገር ሙሉ ሆዳም የሚል ስም አተረፍኩ።

ስላቀረቡልኝ ጥሬ ዓሣ ብዙ አልናገርም። ቁርጥ እየበላ ያደገ ሰው ጥሬ ዓሣ ፈራ ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን ፈራሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። አጠገቡ አረንጓዴ ነገር ቁጭ ብሏል፤ «ለጥንቃቄ፣ ትንሽ ብቻ» አሉኝ። ለማን ነው ትንሽ የሚባለው? ሚጥሚጣ እየላሰ ላደገ ሰው? ጠቅለል አድርጌ ጎረስኩት። ቃጠሎው ወደ ሆዴ መውረድ ሲገባው በአፍንጫዬ በኩል ወደ አናቴ ወጣ። እንባዬ አገጬ ሥር ባወረድኩት ማስክ ላይ ፈሰሰ። እማማ ሃሩኮ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እስኪያነቡ ሳቁ። ሲስቁ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው። ሳቃቸው ሳያልቅ ዞር ብለው ፎቶውን አዩት፤ እዚያ ያለው ሰው ይሳቅ አይሳቅ ለማየት ይመስላል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሐሙስ ልማዴ ሆነ። ብዙ አናወራም፤ የእሳቸውም እንግሊዝኛ አጭር ነው፣ የእኔም አጭር ነው። ግን ሰው ሲያኝክ መስማት ምን ያህል እንደሚያጽናና ብቻውን በልቶ ያላወቀ ሰው አይገባውም። ሥራ ቦታ ሺፍት ሲደለደል ሁሉም ቅዳሜና እሑድን ይለምናል፤ እኔ የሐሙስን አመሻሽ ብቻ ነበር የምለምነው። «ገርልፍሬንድ ያዝክ እንዴ?» ይሉኛል። «አዎ» እላለሁ። የልጅ ልጅ ሊኖራት እንደሚችል አልናገርም።

በቀጣዩ ዓመት ጸደይ ላይ ሁለታችንም ክትባታችንን ጨረስን። የዚያን ሐሙስ እማማ ሃሩኮ ወንበሬን ራሳቸው ጎትተው አጠገባቸው አደረጉት። እዚህ አገር ከገባሁ ሰው ይህን ያህል ተጠግቶኝ አያውቅም፤ የሳሙናቸው ሽታ ይሸተኛል። ሆዴ ባባ። እንዲህ ነው ብዬ ልነግራቸው ፈለግሁ፣ እንግሊዝኛው አልመጣልኝም። አማርኛውም ቢሆን የሚመጣልኝ አይመስለኝም። ታዲያ የእኛ ሰው እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋል? ያጎርሳል።

በእጄ እንዳላጎርሳቸው ክትባት ቢኖርም ኮቪድ ነው። ቾፕስቲኩን ደግሞ በዚያ ጊዜ ተክኜበታለሁ። ከተጠበሰው ዓሣ ጥሩ ጥሩውን መርጬ በቾፕስቲኬ ያዝኩና «በሞቴ!» ብዬ ወደ አፋቸው ዘረጋሁ፣ በአማርኛ። እማማ ሃሩኮ ደነገጡ። አፋቸውን አልከፈቱም፤ እጃቸው ግን ብድግ ብሎ በራሳቸው ቾፕስቲክ ዓሣውን ያዘው። እኔ ከወዲህ፣ እሳቸው ከወዲያ፣ ቁራጯ በመካከላችን አየር ላይ ቆመች። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ መቼ ገብቶኝ! «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ነው የሚባለው፤ ሳንጣላ ብዬ ቶሎ ሁለተኛውን ዘረጋሁ። እሱንም በቾፕስቲካቸው ተቀበሉኝ። ሌላ ላነሳ ስል ቾፕስቲካቸውን አስቀመጡ፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑና «ይቅርታ፣ ለዛሬ ይበቃናል» አሉ። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ፤ በሩ ቀስ ብሎ ከኋላዬ ተዘጋ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አንኳኳሁ። መልስ የለም። በሌላውም ሐሙስ አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። መጋረጃው ግን ሲነቃነቅ አይቻለሁ። እንግዲህ የእኔ ጭንቅላት ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ጀመረ። ተጸይፈውኝ ይሆን? ኮቪድ ልሰጣቸው የፈለግሁ መስሏቸው ይሆን? ወይስ ባል የሞተባትን ሴት ዓሣ ማጉረስ እነሱ ዘንድ ላግባሽ ማለት ይሆን? ይቺ የመጨረሻዋ ስትመጣብኝ ፎቅ ላይ ብቻዬን ቆሜ አንገቴን ደፋሁ። ያውም ያጎረስኳቸው የባላቸው ፎቶ እያየኝ ነው!

ብርቱካን ገዝቼ በራቸው ላይ አስቀመጥኩ። በማግስቱ እኔ በር ላይ እንጆሪ ተቀምጦ አገኘሁ። ይሄ ምን ማለት ነው? ታርቄሃለሁ ነው ወይስ ዕዳህን አልፈልግም ነው? ሙዝ አስቀመጥኩ። ፖም ተመለሰልኝ። ወይን አስቀመጥኩ። ስሙን የማላውቀው ቢጫ ፍሬ መጣ። ቤቴ አትክልት ተራ ሆነ፣ አብሮኝ የሚበላው ሰው ግን የለም። ሐሙስ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ፖም ደርድሬ ቁጭ እላለሁ። እንዲህ አይነት ብቸኝነት ከመጣሁ ጀምሮ አልያዘኝም። መጀመሪያ ሰው ስላልነበረኝ ነው፤ አሁን ግን አግኝቼ ነው ያጣሁት።

መቼም ያላየሁት መከራ የለም፣ ጉዳዩን ለጋሽ ታደለ ነገርኩ። ጋሽ ታደለ ድሮ በስደት በሱዳን በኩል የመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ የነዱ፣ አየር ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ላይ የማይጠፉ ሰው ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ማኅበርተኛ ሲኳረፍ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ሽማግሌ አትልክም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጃፓናዊት ናቸው እኮ።»

«ቢሆኑስ? ከጃፓን በላይ ሽማግሌ የሞላበት አገር አለ?»

«እሺ፣ እርስዎ ይሂዱልኝ።»

«ብቻዬንማ አይሆንም፤ ሽማግሌ ሦስት ነው። ሰው ልፈልግ።»

የቀጠሮው ቀን ብቻቸውን መጡ። ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከላይ ነጠላ ደርበው፣ ማስክ አድርገዋል። «አንዱ ኦቨርታይም ገባ፣ ሌላውን ልጆቹ ኮቪድ አለ ብለው ከቤት አላስወጡትም። በቃ እኔኑ ሦስት አድርገህ ቁጠረኝ» አሉ። ከዚያ ባዶ እጄን አዩና ተቆጡ።

«ድንጋዩስ?»

«የምን ድንጋይ?»

«በባዶ አንገትህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? አያቶችህ ሰው አስቀይመው ሲታረቁ ድንጋይ ተሸክመው አልነበረም?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ላስ ቬጋስ ነው!»

«ላስ ቬጋስ ምን ጠፋና ነው ድንጋይ የሚጠፋው?»

እውነታቸውን ነው። እዚህ የጠፋው ሣር ነው። ግቢያችን ውስጥ በአበባ ፋንታ የተተከለው ድንጋይ ነው፤ በቁልቋሉ ዙሪያ ተኮልኩሏል። ጋሽ ታደለ በግ እንደሚገዛ ሰው እየዞሩ፣ አንዳንዱን በእግራቸው ገፋ እያደረጉ አማረጡና ሞላ ያለውን አንስተው አንገቴ ላይ ጫኑብኝ። ፀሐይ ሲያግለው የዋለ ድንጋይ ነው፤ ማጅራቴ ተጠበሰ። ይህን ጊዜ የአፓርትመንቱ ማናጀር ከቢሮዋ ብቅ አለች።

«ያ የእኛ ድንጋይ ነው እንዴ?»

«አዎ» አልኩ ከድንጋዩ ሥር።

«የት ነው የምትወስደው?»

ጋሽ ታደለ ነጠላቸውን አስተካክለው «ከልቸር ነው» አሏት። ባህል ማለታቸው ነው፤ እዚህ አገር ይህቺን ቃል የሚደፍር የለም። «ኦ! ሶሪ!» ብላ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

ጋሽ ታደለ አንኳኩ። «በሰላም ነው የመጣነው!» አሉ፣ እሱንም በአማርኛ። በሩ ተከፈተ። እኔ ጎንበስ ስላልኩ የሚታየኝ የእማማ ሃሩኮ እግር ብቻ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። እሳቸው ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያዩ ከእሱ በላይ ጎንበስ ማለት ነው ወጋቸው፤ ጎንበስ አሉ። ጋሽ ታደለም አንዲት ትልቅ ሰው ጎንበስ ብላ እያዩ ተገትረው የሚቀሩ አይደሉም፤ እጅ ነሱ። ሦስታችንም በር ላይ ተጎንብሰን ቀረን። ማንም ቀድሞ ቀና አይልም። «በቃ ተነሱ፣ ይቅር ተባብላችኋል» የሚል ሰው የለም። «ሽማግሌ ሦስት የሚሆነው ለዚህ ነበር» አሉኝ ጋሽ ታደለ በሹክሹክታ። በመጨረሻ ድንጋዩ ሰለቸውና ከአንገቴ ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ።

እማማ ሃሩኮ ቀና ብለው ድንጋዩን አዩት። በርከክ ብለው ዳሰሱት።

«ለኬንጂ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ኬንጂ መቃብር የለውም። ድንጋይ የለውም። በምን አወቅህ?»

እኔ ምን አውቃለሁ! ግን ዓይናቸው ሞልቷል፤ «የአፓርትመንቱ ነው፣ እንመልሰዋለን» የሚል አፍ ከየት ላምጣ? «አዎ፣ ለእሳቸው ነው» አልኩ። ድንጋዩን ከጋሽ ታደለ ጋር ተጋግዘን አስገብተን ፎቶው አጠገብ አስቀመጥነው። ቀና ስል ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል።

«ልጄ ወደ ኦሪገን ልትወስደኝ ነው» አሉ። «እንዴት እንደምነግርህ አላወቅሁም። በሩን ያልከፈትኩት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ እንግዳ ፊት አልቅሼ አፈርኩ።»

ጋሽ ታደለ እንደ ሽማግሌነታቸው ጉዳዩ ከሥሩ እንዲነገር ጠየቁ። እማማ ሃሩኮ በዚያች አጭር እንግሊዝኛቸው ተናገሩ። «እኛ አገር ሰው ሲሞት ይቃጠላል። አጥንቱ ይቀራል። ቤተሰቡ ሁለት ሁለት እየሆነ በቾፕስቲክ ያነሳዋል። አንዱ ለሌላው ያቀብላል፣ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጣል። ምግብ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ የማንቀባበለው ለዚህ ነው። ያ ለቀብር ብቻ ነው።»

እኔ ደግሞ እሱንም «በሞቴ» እያልኩ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አልተቆጣሁህም» አሉኝ። «ኬንጂ ሲሞት ሆስፒታል አላስገቡኝም። ሲቃጠልም አልነበርኩም። ኮቪድ ነው። አንድ ቀን ፓርኪንግ ውስጥ በመኪናዬ መስኮት ሳጥን ሰጡኝ። ቤት አምጥቼ ከፈትኩት። እዚህ አገር አጥንቱን ይፈጩታል። ዱቄት ነበር። የማነሳው ነገር አልነበረም፤ የሚያቀብለኝም ሰው አልነበረም። ያን ዕለት አንተ ስትዘረጋልኝ እጄ ራሱ ተነስቶ ተቀበለህ። ሁለተኛውንም ተቀበልኩህ። ኬንጂን የቀበርኩት ያኔ ነው።»

ጋሽ ታደለ ማስካቸውን አውልቀው በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉ። እኔ እጃቸውን ያዝኩ። ትንሽ እጅ ናት።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አሉኝ። «ልጄ አንድ ናት። እዚሁ ያደገች ናት፣ ይህንን አታውቅም። እኔ ስሞት የሚያቃጥሉኝ ሰዎች እንዳይፈጩኝ ንገራቸው። አጥንት ለማንሳት ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ትመጣለህ?»

ጋሽ ታደለ ክንዴን ጠበቅ አደረጉኝና በአማርኛ «ስማ ልጄ፣ ሠርግ ማንም ይጠራል። በቁሙ ለቀብሩ የሚጠራህ ዘመድህ ብቻ ነው» አሉኝ።

«እመጣለሁ» አልኩ።

ከዚያ ሩዝ ተቀቀለ፤ ከካርቶኖቹ መካከል ተቀምጠን ሦስታችንም በላን። ጋሽ ታደለ ሲመርቁ «ቀባሪ አያሳጣዎት» አሉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩላቸው። እማማ ሃሩኮ ምርቃቱን ሰምተው ወደ እኔ ጠቆሙና «አገኘሁ» አሏቸው።

ወደ ኦሪገን ከሄዱ ቆዩ። አሁንም ብቻዬን ነው የምበላው፤ ምድር ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። እማማ ሃሩኮ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ደህና ናቸው፣ ይደውላሉ። ሳል ሲያስላቸው በስልክ ከሰማሁ ያን ቀን ሥራዬን በቅጡ አልሠራም፤ ተሳፋሪውን የማይሆን በር ላይ አድርሼ እመለሳለሁ። ድሮ ስልኬ ቢጮህ ባይጮህ ግድ አልነበረኝም። አሁን የኦሪገን ቁጥር ባላሰብኩት ሰዓት ሲመጣ ከማንሳቴ በፊት ግድግዳ እደገፋለሁ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ የሚሞትብኝ ሰው አልነበረኝም። አሁን አለኝ።